የምድጃው ደንበኛ ማን ነው?



መሐንዲስ በትምህርት ዘመኑ የሚቀርብለት ጥያቄ ሁሉ ተጽፎ የተሰጠ ነው። የግድግዳው ውፍረት፣ የፈሳሹ መጠን፣ የሙቀቱ ደረጃ በወረቀቱ ላይ ሰፍሮ ይገኛል፤ የጎደለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ተማሪው ያንን ቁጥር ካገኘ ሥራው ተፈጸመ፤ ማንም ተነሥቶ «ለመሆኑ ይህን ማን ጠየቀ?» አይለውም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በመሥሪያ ቤት ሲቀጠርም ነገሩ ብዙ አይለወጥም፤ ጥያቄውን አለቃው ወይም የጨረታው ሰነድ ጽፎ ይሰጠዋል። ነገር ግን የገዛ ሥራውን ለመፍጠር ቆርጦ፣ የቤተ ሰቡን ቤት ዋስትና አስይዞ፣ አንዲት አነስተኛ ወርክሾፕ በከፈተ ማግሥት ያ ወረቀት የለም። ጥያቄውን የያዘው በገበያ መካከል የሚመላለሰው ደንበኛ ነው፤ እርሱም ቢሆን ችግሩን በመሐንዲስ ቋንቋ ጽፎ አያመጣም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ችግር ነው ብሎ አይቆጥረውም፤ ለምዶታልና።

ይህን ለማስረዳት በውጭ አገር የገነኑ ኩባንያዎችን ታሪክ መዘርዘር ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ መሐንዲሶች ለተሰበሰቡበት ጉባኤ ከማገዶ ምድጃ የበለጠ አብነት አይገኝም። ነገሩ ለዓይን ሲታይ ቀላል ነው፤ እሳት፣ ድንጋይና ምጣድ ብቻ ናቸው። የሙቀትን ሕግ የተማረ ሰው ሁሉ ሦስቱን ጉልቻ አንድ ጊዜ አይቶ፣ ነበልባሉ በየአቅጣጫው ሲባክን ተመልክቶ፣ «ይህንንማ በአንድ ሳምንት አሻሽለዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። ሆኖም ካለፈው ምእት ዓመት አጋማሽ ወዲህ አያሌ የፊዚክስ ሊቃውንት፣ መሐንዲሶች፣ መንግሥታትና ርዳታ ሰጪ ድርጅቶች በዚሁ ጉዳይ ደክመዋል፤ ከሠሯቸው ምድጃዎች ብዙዎቹ ግን ከማድ ቤቱ ጥግ ወድቀው ዶሮ የሚያድርባቸው ሆነው ቀርተዋል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው፣ አንድ ጊዜ ምድጃ ለመሸጥ ሞክሮ የነበረ ይመስላል።

ጉዳዩ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በየቤቱ ከሚነደው ማገዶ፣ ከሰልና መሰል ነገር በሚወጣ ጢስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በኢትዮጵያም በየቤቱ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠው ለእንጀራ መጋገሪያ እንደሚውል የኃይል ምንጭ አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። እንግዲህ ጥሩ ምድጃ የሚሠራ ወጣት የሚገባበት ገበያ ጠባብ አይደለም፤ በዚህ ሰፊ ገበያ መካከል ሸቀጥን ታቅፎ መቅረትም እንዲሁ እጅግ ቀላል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 በጓቲማላ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያው አገር ሎሬና የሚባል ምድጃ ተፈለሰፈ። ስሙ በስፓንኛ ጭቃና አሸዋ የሚሉትን ሁለት ቃላት በማጋጠም የተገኘ ነው። ምድጃው ከጭቃና ከአሸዋ የተገነባ ወፍራም መደብ ሲሆን፣ ለድስቶች ማስቀመጫ ቀዳዳ፣ ለጢሱም መውጫ አለው። ማንም ሰው በመንደሩ አፈር ሊሠራው ስለሚችል ዝናው ከአገር አገር ተሻገረ፤ ማገዶም በእጅጉ ይቆጥባል ተባለ። ኋላ ግን በሚዛንና በቴርሞሜትር ሲፈተን፣ በጥንቃቄ ከተያዘ የሦስት ጉልቻ እሳት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ምክንያቱ ለዚህ ጉባኤ ግልጽ ነው፤ ያ ወፍራም ጭቃ ድስቱ ሳይሞቅ በፊት ሙቀቱን ራሱ ይጠጣዋል። ሙቀትን አምቆ መያዝና ሙቀት እንዳያልፍ መከላከል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በንድፉ ላይ ተዘንግቶ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አንድ የስሌት ስሕተት ሆኖ ባለፈ ነበር። ነገር ግን ማገዶ የማይቆጥበውን ይህን ምድጃ ወድደው ያቆዩ ቤተ ሰቦች ነበሩ። ጢሱ በማውጫው በኩል ከቤት ይወጣል፤ ወጥ የምትሠራዋም ሴት ሳታጎነብስ ቀጥ ብላ ቆማ ትሠራለች። የምድጃው አስፋፊዎች የሸጡት የማገዶ ቁጠባን ነው፤ ተገልጋዮቹ የወሰዱት ግን ጢስ የሌለበትን ቤትና የወገብን ዕረፍት ነው። ሻጭና ገዢ ስለ አንድ ዕቃ እየተነጋገሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያስቡ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የሦስቱን ጉልቻ እሳት ራሱን እንኳ ብንመለከት ሥራው ብዙ ነው። በደጋ አገር ማታ ማታ ቤቱን ያሞቃል። መብራት በሌለበት ቤት ብርሃን ይሰጣል። ጢሱ ወደ ሣር ክዳኑ ወጥቶ ተባይ ያርቃል፤ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የዘር በቆሎ ከነቀዝ ይጠብቃል። ጎረቤት ለቡና ሲጠራ ሰው የሚከብበው እርሱን ነው። አንድ መሐንዲስ እሳቱን በሚገባ ዘግቶ፣ ነበልባሉን ከምጣዱ ሥር ብቻ አስቀርቶ፣ ትልቅ ሥራ ሠራሁ ብሎ ሲደሰት፣ የቤቱ ባለቤቶች በጨለማና በብርድ ተቀምጠው ሊያገኛቸው ይችላል። ከዚያም ባሕልን የመለወጥ ችግር ነው ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። የባሕል ችግር የሚለው አነጋገር ከምሕንድስና ሪፖርቶች ውስጥ ቢሰረዝ ብዙ ነገር ይጠራ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙ «ደንበኛው የሚፈልገውን ሳንጠይቅ ቀረን» ማለት ነውና።

አሁን ወደ እንጀራ እንምጣ። እንጀራ መጋገር ከውጭ ለሚያየው ሰው አንድ ሥራ ነው፤ ቀርቦ ለሚያየው ግን በየሁለትና በየሦስት ደቂቃው የሚመላለስ የሙቀት ቁጥጥር ነው። ምጣዱ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ስፋት ያለው የሸክላ ዝርግ ነው። ጋጋሪዋ አስቀድማ ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰሳለች፤ ግለቱን የምታውቀው በቴርሞሜትር ሳይሆን የጎመን ዘሩ ሲጤስና ሲሸት፣ አንዳንዴም ጥቂት ሊጥ ጠብ አድርጋ በማየት ነው። ከዚያ ሊጡን ከዳር ጀምራ እየዞረች ወደ መሃል ታፈሰዋለች። በዚያች ቅጽበት ኃይለኛ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ዓይኑ የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና። ዓይኑ ከወጣ በኋላ አክንባሎው ይከደናል፤ አሁን የሚበስለው በእንፋሎቱ ስለሆነ እሳቱ ረገብ ማለት አለበት፤ ያለዚያ ሥሩ ያራል። ጠርዙ ሲነሣ በሰፌድ ይወጣል፤ ምጣዱ እንደገና ይታሰሳል፤ ለሚቀጥለው ሊጥ ደግሞ ግለቱ መመለስ አለበት። ይህ ሁሉ ሠላሳና አርባ ጊዜ ይደጋገማል።

በሦስት ጉልቻ ላይ ጋጋሪዋ ይህን የምታከናውነው እንጨቱን በመግፋትና በመሳብ ነው። ምጣዱ ሰፊ ስለሆነ ማገዶውን ከአንድ በኩል ብቻ አትማግደውም፤ አንዱ ወገን ሲቀዘቅዝ ከዚያ በኩል ትጨምራለች። እንግዲህ ያ ክፍት ምድጃ በመሐንዲሱ ዓይን የሙቀት ብክነት ሲሆን፣ በጋጋሪዋ እጅ ግን ከዙሪያው ሁሉ የሚታዘዝ መቈጣጠሪያ ነው። አንድ በር ብቻ ያለው ዝግ ምድጃ በቀረበላት ጊዜ «አንድ ወገኑ ሲያር ሌላው ሊጥ ይሆንብኛል» ብትል፣ ስለ ሙቀት ሥርጭት የምትናገረው ቃል ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ የማያንስ የቴክኒክ አስተያየት ነው። የጎደለው አድማጭ ነው። ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ይህችኑ ሴት በመጠይቅ ወረቀት «ከምድጃ ምን ትፈልጊያለሽ?» ቢሏት ይህን አትመልስም። «ማገዶ የማይፈጅ» ትላለች፤ ጠያቂው የሚጠብቀውን ታውቃለችና፤ እንግዳን ማሳፈርም ነውር ነው። እውነተኛው መልስ የሚገኘው ምጣዱ በተጣደበት ሰዓት፣ እጇ ወደ የት እንደሚሄድ በማየት ነው።

አሜሪካዊው አሌክስ ኦዝበርን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፉ ሰዎች በአንድነት ተቀምጠው ያለ ነቀፋ ሐሳብ የሚያፈልቁበትን ዘዴ አስፋፋ። ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ ዛሬም በየሥልጠናው ይሰጣል። ይሁንና በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ስድስት ሰዎች፣ ስድስቱም እንጀራ ጋግረው የማያውቁ ከሆነ፣ የሚያፈልቁት መቶ ሐሳብ ሁሉ ከዚያው ጠረጴዛ የራቀ አይሆንም። ከዚህ ይልቅ ለምድጃ ሠሪ የሚጠቅመው የሶቭየቱ መሐንዲስ የጌንሪክ አልትሹለር አስተሳሰብ ነው። አልትሹለር የፈጠራ ችግር የሚባለው በውስጡ ቅራኔ ያለበት ነው ይላል፤ ማለትም አንዱ ጠባይ ሲሻሻል ሌላው የሚበላሽበት ነው። ታዲያ ቅራኔው የት እንዳለ የሚያውቀው በዕቃው የሚገለገለው ሰው ነው። ግድግዳው ካልወፈረ ሙቀቱ ያመልጣል፤ ከወፈረ ደግሞ ሙቀቱን ይጠጣል። በሩ ካልሰፋ ማገዶው አይገባም፤ ከሰፋ ብርድ አየር ይገባል። ምድጃው ካልከበደ ይንገዳገዳል፤ ከከበደ ከገበያ ወደ ቤት የሚሸከመው አይገኝም።

ስለ ደንበኛ ሲነሣ ሁለት ታላላቅ አገሮች የሄዱበትን መንገድ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1983 የተሻሻሉ ምድጃዎችን ለማዳረስ ብሔራዊ ፕሮግራም ጀመረች፤ እስከ 2002 ድረስ ከ30 ሚሊዮን በላይ ምድጃዎች ተሠሩ። ከዋጋው ቢያንስ ግማሹን የሚከፍለው መንግሥት ነበር። ቻይናም በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ የራሷን ዘመቻ አካሄደች፤ በዐሥር ዓመት ገደማ ከ100 ሚሊዮን በላይ ቤቶች አዲስ ምድጃ አገኙ። በቻይና ግን የወጪውን አብዛኛውን ክፍል የከፈለው ገበሬው ራሱ ነው፤ መንግሥት ገንዘቡን ያዋለው ባለሙያዎችን ለማሠልጠን፣ ጥራትን ለመቈጣጠርና በየወረዳው ምድጃና የምድጃ ክፍሎች የሚሠሩ ድርጅቶችን ለማቋቋም ነበር። በሕንድ ከተሠሩት ምድጃዎች ብዙዎቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተሰባብረው ወይም ተትተው ተገኙ፤ የቻይናዎቹ ግን በአመዛኙ በሥራ ላይ ቆዩ።

ሁለቱን አገሮች የሚለያዩአቸው ሌሎች ብዙ ምክንያቶች መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን በሥራ ፈጣሪ ዓይን ለሚያየው ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በሕንድ ምድጃ ሠሪው ሂሳቡን የሚያወራርደው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ነው፤ ስለዚህ እውነተኛ ደንበኛው መሥሪያ ቤቱ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው ደግሞ የተተከለ ምድጃ ቁጥር ነው፤ ሠሪውም ያንኑ አቀረበለት። ደንበኛውን አላጣውም፤ ሌላ ደንበኛ ነው ያገኘው። በዚህ አዳራሽ ካሉት መካከል ወርክሾፕ ያላቸው ይህን ነገር በሚገባ ያውቁታል፤ የርዳታ ድርጅት አንድ ሺህ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲያዝ ደስ ይላል፤ ግን ትእዛዙ ባለቀ ማግሥት አንድ ሰው እንኳ በገዛ ገንዘቡ ሊገዛ ደጅ የሚመጣ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

ከኬንያ የሚገኘው ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ አዳዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በናይሮቢ ከተደረገ በኋላ፣ በታይላንድ የሚታወቀውን፣ ውስጡ ሸክላ የሆነ የባልዲ ምድጃ ለኬንያ ለማስማማት ጥረት ተጀመረ። የታይላንዱ ምድጃ እንዳለ ተገልብጦ ቢሠራ ኖሮ ለናይሮቢ ማድ ቤት አይስማማም ነበር። ኬንያውያን ኡጋሊ የሚሉት ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ወፍራም ገንፎ ይበላሉ፤ ገንፎ ያገነፋ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ድስቱን አጥብቆ ይዞ በጉልበት ማማሰል የግድ ነው። ስለዚህ ምድጃው የማይንገዳገድ መሆን ነበረበት። በብዙ ሙከራ፣ ከቆርቆሮ ሠሪዎችና ከቤት እመቤቶች በተገኘ አስተያየት፣ መሃሉ ቀጠን፣ ላይና ታቹ ሰፋ ያለ፣ የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ ያለው ምድጃ ተወለደ። ሸክላው የሚለበጠው በላይኛው ክፍል ብቻ ስለሆነ ክብደቱም ዋጋውም ቀነሰ፤ ታችኛው ክፍል ሰፊ መቆሚያ ሆነ።

ከቅርጹ ይልቅ የሚደነቀው ግን የሥራው አከፋፈል ነው። ሸክላውን ሸክላ ሠሪዎች ይሠራሉ፤ የቆርቆሮውን ልብስ ደግሞ ከጥንትም ምድጃ ሲሠሩ የነበሩት፣ በፀሐይ ላይ ተቀምጠው ቁርጥራጭ ብረት የሚቀጠቅጡት የእጅ ባለሙያዎች ያዘጋጃሉ። ማንም ትልቅ ፋብሪካ መትከል አላስፈለገውም። ንድፉንም ማንም ይቅዳው ተብሎ ተለቀቀ። አምራቹ በበዛ ቁጥር ዋጋው ወረደ፤ ምድጃውም በከተማ ቤቶች ውስጥ ተራ ዕቃ ሆነ። በርግጥ የዚህ ነጻነት ጉዳትም ታይቷል፤ ሸክላው በቅጡ ያልተተኮሰ፣ በጥቂት ወር የሚሰነጠቅ ምድጃ ከደህናው ጎን ተሰልፎ ይሸጣል፤ ገዢው ደግሞ ከቀለም በታች ያለውን ማየት አይችልም።

ይህ ምድጃ ነው ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ ላቀች የተባለው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ንድፉን ለአገሩ የከሰል አጠቃቀም አስማምቶ ለቆርቆሮና ለሸክላ ሠሪዎች አስተዋወቀ፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሲነጻጸር ከሰሉን ሩብ ያህል ይቆጥባል ተባለ። ስሙን ያወጣው ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። ብዙ ፕሮጀክት ዕቃውን በፊደላት ምሕጻር ሲጠራ፣ ይህ ግን የሰው ስም ተሰጠው፤ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ላቀችን ገዛሁ» ስትል ስለ ዘመድ የምታወራ ይመስላል።

ላቀች ግን እንጀራ አትጋግርም። የእንጀራውን ጥያቄ የመለሰው በዚያው ማዕከል፣ በዚያው ዐሥርት ዓመት ውስጥ የተሠራው ምርጥ የተባለው ምድጃ ነው። ይህ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ እንጀራ የሚጋግር ሌላ አገር ፍለጋ ቢኬድ ከኤርትራ በስተቀር እምብዛም አይገኝምና። ምርጥ ምድጃ ከፑሚስና ከሲሚንቶ በቅርጽ እየተጣለ የሚወጣ፣ ስድስት ክፍሎች ያሉት ነው። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱ የሚያርፍበትን ክብ ግድግዳ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ሆነው የጢስ ማውጫና የድስት መቀመጫ ይሆናሉ። ከላይ የተጠቀሰው የግድግዳ ቅራኔ እዚህ እንዴት እንደተፈታ ተመልከቱ። ፑሚስ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ በውስጡ የአየር ቀዳዳ የሞላበት ቀላል ድንጋይ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ በብዛት ይገኛል። ጭቃ ሙቀቱን ሲጠጣ፣ በፑሚሱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አየር ግን ይከላከላል። ግድግዳው በክፍል በክፍል መሠራቱም የክብደቱን ቅራኔ አቃለለ፤ አንድ ሙሉ ምድጃ የማይሸከም ሰው አንዱን ክፍል ይሸከማል። ከጋጋሪዋ በስተኋላ ያለው የድስት መቀመጫ ደግሞ ከምጣዱ ሥር አምልጦ የሚወጣውን ሙቀት ይጠቀምበታል፤ እንጀራ እየተጋገረ ወጡ ወይም ውኃው ይሞቃል። ይህን የጨመረው ሰው ማድ ቤት ውስጥ ቆሞ የተመለከተ እንጂ በጠረጴዛ ላይ የሣለ አይመስልም።

በሙከራ ምርጥ ምድጃ ከክፍት እሳት ግማሽ ያህል ማገዶ እንደሚቆጥብ ተነገረ። ኋላ በገጠር ቤቶች፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው እየጋገሩ በተደረገ መለኪያ ግን ቁጠባው ከ22 እስከ 31 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህ ልዩነት ሊያሳፍር አይገባም፤ ሦስት ጉልቻን ዕድሜ ልኳን የያዘች ሴት እሳቷን ከላቦራቶሪ ሠራተኛ አብልጣ ትቈጥባለች። ሊያሳፍር የሚገባው፣ የመጀመሪያው ቁጥር በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ዝንተ ዓለም ሲኖር ነው። ግማሽ ተብላ የገዛች ሴት ሩብ ካገኘች፣ ሩቡ ራሱ ትልቅ ነገር ቢሆንም፣ ተታለልኩ ትላለች፤ ለጎረቤቷ የምትናገረውም ይህንኑ ነው።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በዚያን ጊዜ ጂ ቲ ዜድ ይባል የነበረው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ምርጥ ምድጃን በየከተማው በሚገኙ የግል አምራቾች በኩል እንዲሠራና በገበያ ዋጋ እንዲሸጥ አገዘ። ከዚህ በኋላ የደንበኛው ማንነት ቁልጭ ብሎ ወጣ። ማገዶ በብር የሚገዛ ሰው ምድጃው ዋጋውን በስንት ወር እንደሚመልስ በጣቱ ያሰላዋል፤ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴትማ ሒሳቡን አምራቹ ሳይነግራት ታውቀዋለች። ለእርስዋ ምድጃ የማድ ቤት ዕቃ ሳይሆን የንግድ መሣሪያ ነው። አምራቹ በዚህ ከጀመረ ገበያውን ያገኛል፤ ከእርስዋ ቤት ሊጥ ተውሳ ወይም እንጀራ ገዝታ የምትሄድ ጎረቤት ሁሉ ምድጃውን ሲሠራ ታየዋለች።

ከዚህ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚወስድ ስለሆነ ስለ ፍጆታው ብዙ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ትክክል ነው። ነገር ግን ይህን ዕቃ የሠሩት የእጅ ባለሙያዎች አንድ ታላቅ ነገር ተገንዝበዋል። ሸክላውን አልነኩትም። ከሥሩ ቦይ ቀድደው የሚግለውን ሽቦ ቀበሩበት እንጂ፣ ጋጋሪዋ የምታውቀውን፣ የምታሰሰውን፣ ሽታውን የምትለየውን ገጽ እንዳለ ተዉላት። እሳቱ ተለወጠ፤ እጇ የለመደው ግን አልተለወጠም። ለዚህ ነው በከተማ ማንም ሳይሰብክለት የተስፋፋው።

ሸክላው ሳይኖር ሲቀር ደንበኛው ራሱ መፍትሔ ሲፈልግ ምን እንደሚሆን ደግሞ በአሜሪካ ታይቷል። በአዮዋ የሚገኝ አንድ ፋብሪካ፣ ከኖርዌይ የፈለሱ ሰዎች ልጆች ሌፍሰ የሚሉትን ስስ ቂጣ የሚጋግሩበት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ይሠራ ነበር። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ይህን ዕቃ አገኙትና እንጀራ ጋገሩበት፤ ወሬው ከቤት ወደ ቤት፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሄደ። ያንን መጋገሪያ የነደፈው ሰው ስለ እንጀራ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስልም። ፒተር ድረከር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው መጽሐፉ ከፈጠራ ምንጮች ሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅሰው ያልተጠበቀን መሳካት ነው፤ ማለትም ዕቃው ባልታሰበለት ሰው፣ ላልታሰበ ጉዳይ ሲገዛ ማለት ነው። ብዙ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ሽያጭ እንደ አጋጣሚ ቈጥሮ ያልፈዋል፤ የሂሳብ መዝገቡም ስንት እንደተሸጠ እንጂ ለምን እንደተገዛ አይነግረውም።

የወርክሾፕ ባለቤት ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ተግባር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ዕቃዎች ከሸጠ በኋላ ዐሥራ አንደኛውን ከመሥራቱ በፊት ገዢዎቹ ቤት ይሂድ። ዕቃው የት እንደተቀመጠ ይመልከት፤ ምን እንደተቀጠለበት፣ በሽቦ የታሰረው፣ በጭቃ የተመረገው የቱ እንደሆነ ይይ። ገዢው በገዛ እጁ የመረገው ቦታ ንድፉ የጎደለበት ቦታ ነው። ምጣድ በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ስፋቱ ከመንደር መንደር ይለያያል፤ በምጣዱና በግድግዳው መካከል በቀረው ክፍተት ላይ የተለጠፈ ጭቃ ለአምራቹ ቅርጹን በስንት ሳንቲ ሜትር ማስተካከል እንዳለበት ይነግረዋል። ዕቃውን ገዝቶ የተወውን ሰው ደግሞ ከሚገለገልበት አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፤ ምንም እንኳ ወደ እርሱ ደጅ መሄዱ ደስ ባይል። ገንዘቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነም መለየት ያስፈልጋል፤ በብዙ ቤት ጢሱን የምትጠጣው ሴቲቱ ስትሆን፣ ምድጃ ይገዛ አይገዛ የሚለው ባልየው ነው። ለእርስዋ የሚነገረው ስለ ዓይኗና ስለ ወገቧ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ ግን አንድ ሸክም እንጨት በገበያ ስንት እንደሚያወጣ መናገር ይቀላል። ጊዜውም እንዲሁ ነው፤ ምድጃ በሰኔ ለገበሬ ይዞ የሚሄድ ሰው የዘርና የማዳበሪያ ገንዘብ ይፎካከረዋል፤ እህል ከተወቃ በኋላ ግን ኪሱ ሌላ ነው።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ይጠብቃል። ማገዶ የምትገዛዋ ሴት ሒሳቧን ታውቃለች ተብሏል። ማገዶ የምትለቅመውስ? ለእርስዋ እንጨቱ በብር ዋጋ የለውም፤ የምትከፍለው በግማሽ ቀን መንገድና በጀርባዋ ነው፤ ይህም በየትኛውም መዝገብ አይገባም። የምትሰበስበውም የተፈለጠ ግንድ ሳይሆን ጭራሮ፣ ኩበት፣ የበቆሎ አገዳና ቅጠል ነው፤ ይህ ደግሞ ቶሎ ነድዶ የሚያልቅ፣ አመድ የሚያበዛ፣ ደጋግሞ መማገድን የሚጠይቅ ነው። ለእርስዋ የሚሆን ምድጃ በሩ ለአገዳ የሚሰፋ፣ አመዱ ሳይቀዘቅዝ የሚወጣለት፣ ሲሰነጠቅ በደጇ አፈር የሚመረግ፣ ማታም ጥቂት ብርሃን የሚያስቀር መሆን ይኖርበታል፤ ዋጋውም ከአንድ ዶሮ ሽያጭ መብለጥ የለበትም። እንዲህ ያለ ዕቃ በገበያ ላይ ገና አልታየም።